አንድ ለሦስት መቶ ሃምሳ

አድሚራሉ ባሕር አይቶ አያውቅም ነበር። ይህን ከመነሻው የምናገረው ኋላ ላይ ማንም እንዳያደንቅብኝ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነበረው። ደብተር፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና የካርቦን ወረቀት ይሸጣል። ከመደብሩ ደጃፍ እስከ ቅርቡ ባሕር በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያስኬዳል፤ እሱን ደግሞ አውቶቡሱ ገና ሳይነሳ ያቅለሸልሸዋል። አድሚራል የሚለውን ስም ያወጣችለት እናቴ ናት። የነሐስ ቁልፍ የተደረደረበት ሰማያዊ ኮት ለብሶ አባቴን ሊጠራ ሲመጣ በመስኮት አየችውና «ተነስ እንጂ፣ አድሚራሉ መጥተውልሃል!» አለች፤ ጮክ ብላ፣ እንዲሰማ ብላ። ሰማ። ደስ አለው። በሳምንቱ ደብተር ሊገዙ ለመጡ ተማሪዎች ሳይቀር «አድሚራሉ ነው የሚሉኝ» እያለ ሲያወራ ተገኘ። ስድብን እንደ ሹመት የሚቀበል ሰው ምን ይደረጋል?

ያኔ «እርስዎ» እለው ነበር። አሁን እሱ ሞቷል፣ እኔም አርባ ስድስት ሞልቶኛል፤ ስለዚህ አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ።

ማኅበራቸው ሦስት ወንዶችና አንዲት ልጅ ነበሩት። ሥራቸው ተገጣጣሚ የመርከብ ሞዴል መሥራት ነው። ከውጭ በካርቶን ይመጣል፤ ከጥፍር የሚያንሱ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች በሙጫ ይያያዛሉ፣ ይቀባሉ፣ በመጨረሻ እውነተኛው መርከብ አንሶ መደርደሪያ ላይ ይቆማል። ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ስል ቢሰሙኝ ግን ከማኅበሩ ያባርሩኝ ነበር። ሰብሳቢ ነበራቸው፣ ምክትል ሰብሳቢ ነበራቸው፣ ክብ ማኅተም ነበራቸው፣ ቃለ ጉባኤም ነበራቸው። ሰብሳቢው አድሚራሉ ነው። ምክትሉ አንድ አናጢ ነበር። እናቴ እሱንም አልማረችውም፤ ከአድሚራሉ ፊት ሌላ ቃል ሲወጣው ስላልሰማች «እሺ ጌታዬ» ነበር የምትለው። አባቴ ተራ አባል ነው። በሦስት ሰው ማኅበር ውስጥ ብቸኛው ተራ አባል መሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የእጅ ጽሑፌ ግን ከሦስቱም ይበልጥ ነበር።

አባቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ሐኪም አይደለም። ሐኪሙ የበሽተኛውን ድድ ቅርጽ ያነሳና ይልክለታል፤ አባቴ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ በሰም ይቀርጻል፣ ጀሶ ያፈስሳል፣ ሮዝ መልክ ያለውን አክሪሊክ እያቦካ ድድ ያደርገዋል። መደርደሪያው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች መንጋጋ በተርታ ተደርድሮ ቀኑን ሙሉ ይስቅብን ነበር። የአክሪሊኩ ፈሳሽ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሮዙ ብናኝ የአባቴ ሽፋሽፍት ላይ ያርፋል። «ጥሩ ጥርስ ማለት ማንም ልብ የማይለው ጥርስ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ማንም ልብ ለማይለው ነገር ዕድሜውን የሚፈጅ ሰው ሊያሳፍረኝ ጀምሮ ነበር። የነሐስ ቁልፍ ያለው ኮት አይቼ ነበራ!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አድሚራሉ የሞዴል ፋብሪካውን ካታሎግ በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ ወደ መደብሩ ጓዳ አመጣው። ጓዳው አዲስ ደብተርና ሙጫ ይሸታል። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ በክንዱ ጠረገና ወረቀቱን ፈታ።

«እጅ አይነካውም!» አለ። «በተለይ አንተ፣ ጥርሱ። እጅህ ሁሌ ሰም ነው።»

አባቴን «ጥርሱ» ነበር የሚለው። አባቴ እጁን ከጠረጴዛው በታች አደረገ።

«ክቡራን!» አለ አድሚራሉ። ክቡራኑ ሁለት ነበሩ። «ፋብሪካው ሦስት ታሪካዊ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን ሊያወጣ ነው። ሦስት! አንድ በአንድ። የመጀመሪያዋ ትልቋ ናት፤ ይቺውላችሁ።»

ካታሎጉን ክንዱን ዘርግቶ፣ ከፊቱ አርቆ ያዘው። ለመርከቧ ክብር የሚሰጣት መስሎኝ እኔም ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ክብር አልነበረም። መነጽር ነበረው፣ በኮቱ የውስጥ ኪስ፤ ሰው ፊት ግን አያደርገውም። አድሚራል መነጽር አያደርግም ብሎ ይሆናል።

«መጠኗስ?» አለ አባቴ።

አድሚራሉ ዓይኑን አጠበበ፣ ካታሎጉን ትንሽ አራቀ፣ ትንሽ አቀረበ። «አንድ ለሦስት መቶ ሃምሳ!»

ያን ካታሎግ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ገጹ ግርጌ ላይ ሠንጠረዥ አለ። ላይኛው ረድፍ ስለ ሌላ መርከብ ነው፤ አንድ ለሦስት መቶ ሃምሳ የሚለው እዚያ ነው ያለው። የኛዋ ከሥር ናት፤ አንድ ለሰባት መቶ። ግማሽ ማለት ነው። የአሥራ አንድ ወር ልፋታችን አንድ መነጽር ከኪስ ባለመውጣቱ ምክንያት ገደል ገባ።

ያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አድሚራሉ ሁለት እጁን ዘረጋ። «የእውነተኛዋ ሦስት ሜትር ተኩል እዚህ አንድ ሳንቲሜትር ይሆናል። ርዝመቷ ሰባ አንድ ሳንቲሜትር! ይህን የሚያህል!»

«እሺ ጌታዬ» አለ አናጢው። «የመስታወቱን ሳጥን ከአሁኑ እጀምረዋለሁ።»

«ጀምር። አውሮፕላኖቹን በተመለከተ፣ ከካርቶኑ ጋር የሚመጡት አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። እውነተኛዋ ሰባ ሁለት ነበር የምትጭነው። ሥልሳውን ጥርሱ ይሠራል። ክንፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ ስድስት ሚሊሜትር። ጸሐፊ፣ ጻፊ!»

ጻፍኩ። «የመርከቧ መጠን 1፡350 መሆኑን ክቡር ሰብሳቢው አብራርተዋል። ሥልሳ አውሮፕላን እንዲሠራ ለተራ አባሉ ተመርቷል።» ማኅተሙን ራሴ መታሁት። አድሚራሉም ትከሻዬን መታ አድርጎ «መርከቧ ስትመጣ የመጀመሪያውን አውሮፕላን የምታሳርፊባት አንቺ ነሽ» አለኝ። ሰው በሕይወቱ ስንት ነገር ቃል ይገባለታል፤ እንደዚያ ያሰከረኝ ግን የለም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ከሥዕሉ ሥር «በቅርቡ» የሚል ቃል ነበር፤ አድሚራሉ «በሦስት ወር ውስጥ ማለት ነው» ብሎ ተረጎመው። ሦስት ወሩ አለፈ። ፋብሪካው ሌላ ማስታወቂያ አወጣ፤ አሁንም በቅርቡ። ቃለ ጉባኤዬ እያጠረ ሄደ። «መርከቧ አልደረሰችም። ስለ ግራጫ ቀለም ውይይት ተደርጓል።» በሳምንቱ፦ «መርከቧ አልደረሰችም። ስለ ግራጫ ቀለም የተደረገው ውይይት ቀጥሏል።» ሦስት ትልልቅ ሰዎች አምስት ቅዳሜ ሙሉ በግራጫና በግራጫ መካከል ስላለው ልዩነት ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ሦስት ማለቴ እንኳ ስህተት ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ እሺ ጌታዬ ይላል፣ አንዱ ዝም ይላል። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ትምህርት ቤት ሌሎቹ ልጆች ገመድ ሲዘሉ እያየሁ አዝንላቸው ነበር።

አባቴ በእነዚያ ወራት አውሮፕላኖቹን ሠራ። አንዱን በሰም ቀርጾ ጀሶ ላይ አተመው፣ ከዚያ የድድ አክሪሊኩን እያፈሰሰ ያወጣ ጀመር። ስለዚህ የጦር አውሮፕላኖቻችን በሙሉ ሮዝ ነበሩ፤ ቀለም እስኪቀቡ ድረስ ከሆነ ሰው አፍ ውስጥ የወጡ ነበር የሚመስሉት። የእኔ ሥራ በወረንጦ እየያዝኩ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ከጎኑ ባለችው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከምስማር ጫፍ የምታንስ ሞተር ሲያጣብቅ እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን እይዛለሁ። ያለቀውን አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ያስቀምጥልኛል። «አየሽ? መነሳት ይችላል» ይለኛል።

እውነት ለመናገር፣ በልጅነቴ ደስ ያለኝ እዚያ በርጩማ ላይ ነበር። ግን እንደዚያ አላልኩትም። «አድሚራሉ እንዲህ ዓይነት ሙጫ አይወዱም» ነበር የምለው። «አድሚራሉ ክንፉ ቀጥ ይበል ብለዋል።» አባቴም «እሺ፣ ቀጥ ይላል» ይለኝ ነበር።

በሰባተኛው ወር ግድም፣ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ፣ አባቴ ሳይጠየቅ ተናገረ። እንደዚያ ሲያደርግ መጀመሪያዬ ነው ያየሁት።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው። ካታሎጉ ላይ ከካርቶኑ አጠገብ የሙጫ ቱቦ አለ አይደል? እኛ የምንጠቀምበት ነው። ቱቦውን ለካሁት። ካርቶኑ ከቱቦው ጋር ሲታይ ሰባ ሳንቲሜትር የሚገባበት አይመስለኝም። አንዴ ቁጥሩን ደግመን ብናየው?»

አድሚራሉ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«ሰማችሁ?» አለ። «ፋብሪካ መርከብ ይሠራል፣ ጥርሱ ሙጫ ይለካል! ነገ ደግሞ የመርከቧን መንጋጋ ልይ እንዳትለን ብቻ!»

አናጢው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከአናጢው ይልቅ ጮክ ብዬ፣ ረዘም አድርጌ፣ አድሚራሉ እንዲያየኝ አድርጌ። አየኝ፤ በዓይኑም ጠቀሰኝ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «ምን ነበር እንደዚያ ያሳቀሽ?» አለኝ። «አንተ ነሃ» አልኩት። «ጥሩ» አለና መንገድ ሊያሻግረኝ እጄን ያዘኝ። ልጆች ክፋት አያውቁም የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል፤ የራሳቸውን ልጅነት ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

በአሥራ አንደኛው ወር መርከቧ መጣች።

ሳጥኑ ቀድሟት ጓዳው መሃል ቆሟል። አናጢው እጁ የተባረከ ነበር፣ አንደበቱ እንጂ የሰነፈ፤ መስታወቱ እንከን የለው፣ እግሮቹ የተቀረጹ፣ ርዝመቱ ሰማንያ ሳንቲሜትር። የአባቴ ሥልሳ አውሮፕላኖች ግራጫ ተቀብተው፣ ጥርስ በሚላክባቸው ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ጥጥ ላይ ተኝተዋል። አድሚራሉ ኮቱን አስተኩሷል። እኔ ፀጉሬን ታጥቤያለሁ። ከዚያ አናጢው ከፖስታ ቤት ካርቶኑን ይዞ ገባ፤ በአንድ እጁ፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ።

ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ከክንዴ ብዙም አይረዝምም። ጎኑ ላይ፣ ማንም ያለ መነጽር በሚያነበው ትልቅ ቁጥር፣ አንድ ለሰባት መቶ ተጽፏል። አናጢው ካርቶኑን አየ፣ ሳጥኑን አየ። የአድሚራሉ ጆሮዎች ቀሉ።

«ሳጥኑ» አለ አድሚራሉ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለሦስቱም መርከቦች ነው። ሦስቱም ጎን ለጎን ይቆማሉ ብዬህ አልነበረም?»

አናጢው የሳጥኑን እግር በእጁ ዳሰሰ። «እሺ ጌታዬ» አለ።

ከዚያ አድሚራሉ ከአባቴ አውሮፕላኖች አንዱን አንስቶ ካርቶኑ ውስጥ ካለው የመርከቧ ወለል ላይ አስቀመጠው። አልጋ ላይ የወጣ ቁም ሣጥን ይመስል ነበር።

«ጥርሱ፣ ምንድነው የሠራኸው?»

«ያሉኝን ነው» አለ አባቴ።

«እኔ ሰባት መቶ ነው ያልኩህ!»

«ሦስት መቶ ሃምሳ ነው ያሉኝ፣ ክቡር ሰብሳቢ። ክንፉም ሠላሳ ስድስት ሚሊ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን ዓይኑን አልሰበረም።

«እንግዲያው ቃለ ጉባኤው ይነበብ!» አለ አድሚራሉ። ምን ነክቶት እንደዚያ እንዳለ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ወይ ሰባት መቶ ማለቱን ራሱን አሳምኗል፣ ወይ ደግሞ እኔን በደንብ ያውቀኛል። ሁለተኛው ነው የሚመስለኝ።

ደብተሩን ገለጥኩ። አባቴ በግራዬ ተቀምጧል፤ ክርናችን ይነካካል። ገጹን አገኘሁት። በራሴ እጅ፣ በሚያምረው ጽሑፌ፣ 1፡350። ቀና ስል አድሚራሉ እያየኝ ነበር፤ የነሐስ ቁልፎቹ ሁሉ እያዩኝ ነበር። የመጀመሪያውን አውሮፕላን የማሳርፈው እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። አድሚራሉ ዛሬ ከተሳሳተ መርከብ የለም፣ ማኅበር የለም፣ ጸሐፊ የለችም። አባቴ ቢሳሳት ግን ምን ይጎድላል? ተራ አባል ነው።

«የመርከቧ መጠን» ብዬ አነበብኩ፣ «አንድ ለሰባት መቶ መሆኑን ክቡር ሰብሳቢው አብራርተዋል።»

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አባቴ ወደ ደብተሩ ዞረ። አጉሊ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር፤ አላወረደውም። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ለአድሚራሉ «አዎ» አለው። «የእኔ ስህተት ነው። ይቅርታ።»

መነጽሩን አላወረደም፤ ስለዚህ አላነበበውም ብዬ ደመደምኩ። ልጄ እንዲህ ካለች እንዲህ ነው ብሎ፣ በገዛ ጆሮው የሰማውን ትቶ፣ የእኔን ውሸት አመነ። ፈራሁ፤ ከፍርሃቴ ግን ንቀቴ ይበልጥ ነበር። አሥራ አንድ ወር የሠራበትን ቁጥር በአንዲት ልጅ ቃል የሚለውጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሣጥኖቹን ተሸክሞ ሲወጣ በሩን እንኳ አልከፈትኩለትም። ወደ ቤት ስንሄድ በመንገዱ ማዶ ጠርዝ ሄድኩ፤ ከእሱ ጋር እንዳልታይ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ማዕድ ቤት ውስጥ ስትቆጣ በግድግዳው አልፎ ይሰማኝ ነበር። «አሳፋሪ እኮ ነው! እንዴት ዝም ትላለህ? ዛሬ ዝም ካልክ ነገ የባሰ ነው የሚመጣው!» አባቴ ቀስ ብሎ «የባሰ አይመጣም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አላት። አውሮፕላኖቹን ነው የሚያስተካክለው አልኩ። እናቴም ባሏ ሰው ፊት በመዋረዱ አፍራ ነው አልኩ። እናቴ ያፈረችው በባሏ እንዳልነበር ለመረዳት ግማሽ ዕድሜዬን ፈጅቷል።

ደብተሩ በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አልነካሁትም። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን፣ ነገ አድሚራሉ ገልጦ ያየው እንደሆነስ ብዬ፣ ከእርሳስ መቅረጫዬ ምላጩን ፈታሁና ቁጥሩን ልፍቀው ተቀመጥኩ። ገጹን ገለጥኩ። 1፡700 ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ የእኔ ነው፣ ቀለሙ የእኔ ነው፣ ማኅተሙ በቦታው ነው። ለካ ያነበብኩት እውነት ነው! ደንግጬ ነው እንጂ ያኔም ሰባት መቶ ነበር። ለካ አልዋሸሁም። የተሳሳተው እውነትም አባቴ ነው። ይህን የሚያህል ምሥራች በእጁ የገባለት ሰው መርምሮት አያውቅም፤ እኔም አልመረመርኩትም። ምላጩን መልሼ አሠርኩና እየዘለልኩ ወጣሁ።

አባቴ ሥልሳ አዲስ አውሮፕላኖችን በሦስት ሳምንት ሠራ፤ ክንፋቸው አሥራ ስምንት ሚሊሜትር። እርጂኝ አላለኝም፤ እኔም በዚያች በርጩማ ላይ ዳግመኛ አልተቀመጥኩም። መርከቧ በሰማንያ ሳንቲሜትሩ ሳጥን ጥግ ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን እንደቀረ ሕፃን፣ ከመደብሩ መስኮት ጀርባ ለሕዝብ ታየች። «ሰብሳቢና ዋና ሠሪ» የሚል ካርድ ከፊቷ ቆመ፤ የአድሚራሉ ስም ብቻ ነበረበት። የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያሳረፈው ተጋብዞ የመጣው የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ነው። አድሚራሉ የገባልኝን ቃል ረስቶት ነበር። ሳስታውሰው «ዘወር በይ እስቲ፣ እንግዳ አለ» አለኝ። አባቴን ለዚህ ነው የሸጥኩት። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ መርከብ ደግሞ እስከ ዛሬ አልወጡም።

የሚገርመው፣ በአድሚራሉ አልተቀየምኩም። በአባቴ ነው የተቀየምኩት። ያቺ ቅዳሜ ሥር ሰደደችብኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ የቤት ሥራዬን ሊያይልኝ ሲመጣ «ሁለት ቁጥር መለየት ያቃተህ አንተ?» አልኩት። ስመረቅ ለጓደኞቼ «ጥርስ ነገር ይሠራል» ብዬ አስተዋወቅኩት፤ ፈገግ ብሎ ጨበጣቸው። ስልክ ሲደውል ቶሎ እዘጋለሁ። አንድ ጊዜ እናቴ «አባትሽን እንደ ሰው አነጋግሪው» ስትለኝ «ለራሱ የማይቆም ሰው እንዴት ይነጋገራል?» ብያታለሁ። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አባቴ ቃል አስገብቷት ነበር ማለት ነው። አሁን እሷም የለችም።

ዘንድሮ አድሚራሉ ሲሞት ልጁ መደብሩን ልታስረክብ ጓዳውን ስታጸዳ ካታሎጉንና የቃለ ጉባኤውን ደብተር አገኘች። «ያንቺ ጽሑፍ ነው መሰል» ብላ ሰጠችኝ። እኔ የምኖረው በጋዜጣ አራሚነት ነው፤ ሃያ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ ሥራ ቦታ የሚወደኝ የለም። ደብተሩን እየሳቅኩ ሳገላብጥ እዚያ ገጽ ላይ ደረስኩ። ጣቴ ቀደመኝ። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ከሌላው ወረቀት ይሳሳል። መስኮቱ ላይ ይዤ ብርሃን አሳየሁት። ሦስቱና አምስቱ ተፍቀዋል። ወረቀቱ አልተቀደደም፣ ቀለሙ አልተሠራጨም፤ የደብተሩ መስመር ሳይቀር ሳስቶ ነው እንጂ አልተበጠሰም። ከላዩ ላይ በእኔ እጅ አጣጣል ሰባትና ዜሮ ገብተውበታል። እንደዚያ አድርጎ የሚፍቅ እጅ በዚያ ከተማ አንድ ብቻ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠራኝ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ግን ዛሬም መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ደብተሩን ገልጬ ጭኑ ላይ አደረግኩለት።

«አባዬ፣ ይህን የፋቅከው አንተ ነህ?»

አንስቶ አየው። መነጽር አልፈለገም። ያኔም አልፈለገ ኖሯል።

«ፍቁ ደህና ነው» አለ። «ሰባቷ ግን አላማረችኝም። ያንቺ ሰባት አንገቷ ቀጠን ይል ነበር።»

«ያን ቀን አንብበኸዋል?»

«ክርንሽ ክርኔን እየነካ እንዴት አላነበውም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን ‘ውሸቷን ነው’ አላልክም? ቤት መጥተህ ለምን አልገረፍከኝም? ደብተር መፋቅ ምን የሚሉት ነገር ነው?» እየጮህኩ ነበር። ሥራ ቦታም እንዲህ ነው የማደርገው።

ደብተሩን ዘጋው። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«በማዶው ጠርዝ እየሄድሽ አይቼሻለሁ» አለ። «ፊትሽ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ደብተሩን ገልጠሽ ብታዪው ምን እንዳደረግሽ ታውቂዋለሽ ብዬ ፈራሁ። መቼም ከሁለታችን አንዳችንን መናቅሽ ካልቀረ፣ እኔን ናቂ አልኩ። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ።»

አፈርኩ። ሰውን ሳሳፍር ነው የኖርኩት፤ በራሴ ግን አፍሬ አላውቅም ነበር። ከፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ጉልበቱን ያዝኩት።

«ሠላሳ ሰባት ዓመት» አልኩት። «ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ደደብ ነህ ብዬ አምኜ ነበር፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ፍቁ በደንብ ሠርቷል ማለት ነው።»